የፖሊአይን ሰንሰለትን ጋማ በላፕቶፕ ማስላት፦ ቁጥሩ የት የት ይበላሻል?

ለአንድ ሞለኪውል ሦስት ጊዜ ሒሳብ ተሠርቶ ሦስት የተለያየ ጋማ (ሞለኪውሉ ለኤሌክትሪክ ፊልድ የሚሰጠው ቀጥተኛ ያልሆነ ምላሽ መለኪያ) ይወጣል። አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል፤ አንዳንዴም ኔጌቲቭ ይሆናል። ወዲያው ጥፋቱ በቲዎሪው ላይ ይላከክና ፈንክሽናል (ኤሌክትሮኖቹ የሚሰሉበት ግምታዊ ቀመር) ይቀየራል፣ ቤዚስ ሴት (ኤሌክትሮኖቹ የሚገለጹባቸው ፈንክሽኖች ስብስብ) ይጨመራል፣ ላፕቶፑም ሌሊቱን ሙሉ ይግላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ አይደለም። ወይ ፊልዱ በዝቷል ወይ አንሷል፣ ወይ ፕሮግራሙ ዳይፖሉን (ቻርጁ ወደ አንድ ጎን ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚለካውን ቁጥር) አራት አኃዝ ብቻ አትሞ ቆርጦታል፣ ወይ ሲሜትሪው ሳይጠፋ ቀርቷል።

ይህ መመሪያ የሚሠራው ለፖሊአይን ነው፤ ማለትም ትሪፕልና ሲንግል ቦንድ እየተፈራረቁ የተሰለፉበት፣ ሁለቱ ጫፎች በሃይድሮጅን የተዘጉ ቀጥ ያለ የካርቦን ሰንሰለት ነው። የምናሰላው ሁለተኛውን ሃይፐርፖላራይዘቢሊቲ (ጋማን) በሰንሰለቱ አቅጣጫ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሞለኪውሉ ላይ የተለያየ መጠን ያለው ኤሌክትሪክ ፊልድ እንጭናለን፣ ዳይፖሉ እንዴት እንደተቀየረ እናነባለን፣ ቀሪው መቀነስና ማካፈል ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚሁ መቀነሱ ላይ ነው፤ ሁለት ተቀራራቢ ትልልቅ ቁጥሮች ሲቀናነሱ የሚቀረው ጭላጭ ነው፣ ጋማም ያለው በዚያ ጭላጭ ውስጥ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልግ

8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ እስከ 10 ካርቦን ላለው ሰንሰለት ይበቃል። ከነጻ ፕሮግራሞች ፓይኤስሲኤፍ ወይም ፒስአይ4 ውሰዱ። ፓይኤስሲኤፍ ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ ዊንዶውስ ውስጥ የሚከፈተውን የሊኑክስ ንዑስ ሥርዓት መጀመሪያ ጫኑ። ኦርካ ወይም ጋውሲያን ያላችሁም በዚሁ ቅደም ተከተል ትሄዳላችሁ፤ የሚለየው የትእዛዙ አጻጻፍ ብቻ ነው።

የቼክፖይንት ፋይል (የሒሳቡ መካከለኛ ውጤት የሚቀመጥበት) ማስቀመጡን ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሮ አብሩ። መብራት ሲጠፋ ከዜሮ ከመጀመር ያድናል፤ በኋላም ከአንድ ፊልድ ወደ ሌላ ፊልድ ስትሻገሩ የግድ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 1፦ በአሴቲሊን ፈትሹ

ወደ ረጅሙ ሰንሰለት አትሩጡ። መጀመሪያ ባለ 2 ካርቦኑን አሴቲሊን በሃርትሪ-ፎክ ዘዴ፣ ዲፊዩዝ ፈንክሽን (ከኒውክሊየሱ ርቆ የሚዘረጋ) ባለው ቤዚስ ሴት (ለምሳሌ ኦግ-ሲሲ-ፒቪዲዚ) አስሉና አልፋን፣ ማለትም ሞለኪውሉ ለፊልድ የሚሰጠውን ቀጥተኛ ምላሽ፣ አውጡ (ቀመሩ ደረጃ 7 ላይ ነው)። በሞለኪውሉ አቅጣጫ 31 አቶሚክ ዩኒት፣ በጎኑ 19 አካባቢ ማግኘት አለባችሁ።

- ሁለቱም እኩል ከወጡ ወይም ቦታ ከተለዋወጡ ፊልዱ በተሳሳተ አክሲስ ላይ ተጭኗል።
- በሰንሰለቱ አቅጣጫ የወጣው ወደ 31 ቀርቦ የጎኑ በጣም ካነሰ ዲፊዩዝ ፈንክሽኑ አልገባም።
- ዜሮ ከወጣ ፊልዱ ጭራሽ አልተጫነም። ደረጃ 3ን ተመልከቱ።

አሴቲሊን ሳይስተካከል ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ደረጃ 2፦ ሰንሰለቱን መሥራት

ሞለኪውሉን በዜድ አክሲስ ላይ አስተኙት፤ መሀሉ በትክክል ዜሮ ላይ ይረፍ። መነሻ ርዝመቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ትሪፕል ቦንድ 1.21 አንግስትሮም፣ ሲንግል ቦንድ 1.36፣ ከካርቦን እስከ ሃይድሮጅን 1.06። ባለ 6 ካርቦኑ ሲጻፍ ኤክስና ዋይ ሁሉም ዜሮ ሆነው የዜድ ዋጋው እንዲህ ይሆናል፦

- ካርቦኖቹ፦ ±0.605፣ ±1.965፣ ±3.175
- ሃይድሮጅኖቹ፦ ±4.235

የትሪፕል ቦንዶቹ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ (3፣ 5፣ 7) መሀል ላይ የሚቀመጠው ትሪፕል ቦንድ ነው፤ ተጋማሽ ከሆነ (2፣ 4፣ 6) ሲንግል ቦንድ ነው። ይህን ሳያዩ ያለፉ ሰዎች ሰንሰለታቸው በአንድ ጫፍ ሲንግል ቦንድ ይዞ ይገኛል።

*ጥንቃቄ።* የካርቦኑ ቁጥር ሁልጊዜ ተጋማሽ ይሁን። በሁለት ሃይድሮጅን የተዘጋ ጎዶሎ የካርቦን ሰንሰለት የግራውንድ ስቴቱ (ዝቅተኛ ኢነርጂ ያለው ሁኔታው) ትሪፕሌት ነው፣ ሁለት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ በሲንግሌት፣ ሁሉም ተጣምረዋል ብላችሁ፣ ብታስሉት ሒሳቡ ያልቃል፣ መልሱ ግን የሌላ ነገር ነው። ሁሉንም ቦንድ 1.28 አድርጋችሁም አትጀምሩ፤ ኦፕቲማይዘሩ (ዝቅተኛ ኢነርጂ ያለውን ቅርጽ የሚፈልገው የፕሮግራሙ ክፍል) የቱ ትሪፕል የቱ ሲንግል እንደሆነ ሳይለይ ይዋዥቃል።

አሁን ያለ ፊልድ ኦፕቲማይዝ አድርጉ። ኦፕቲማይዘሩ 180 ዲግሪ ላይ ከተሰበረ (ቀጥ ባለ ሞለኪውል ላይ የተለመደ ነው) ከኢንተርናል ኮኦርዲኔት ወደ ካርቴዥያን ቀይሩት።

ዘዴ ስትመርጡ ካም-ቢ3ላይፕን ወይም ኦሜጋ-ቢ97ኤክስ-ዲን ውሰዱ። ምክንያቱ ይህ ነው። ጋማ ከሁሉም በላይ የሚከተለው በሲንግልና በትሪፕል ቦንድ መካከል ያለውን የርዝመት ልዩነት ነው። ፒቢኢን የመሳሰሉ ፈንክሽናሎች ልዩነቱን ያጠቡታል፤ ኤሌክትሮኖቹ ከጫፍ ጫፍ በቀላሉ ይንሸራተታሉ፣ ጋማም ያብጣል። ሃርትሪ-ፎክ በተቃራኒው ልዩነቱን ያሰፋዋል፣ ጋማም ይኮሰምናል። ቢ3ላይፕ መሀል ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ግን ወደ ፒቢኢ ጥፋት ያዘነብላል። ስለዚህ ኦፕቲማይዜሽኑ ሲያልቅ ከሰንሰለቱ መሀል አንድ ሲንግልና አጠገቡ ያለውን ትሪፕል ለክታችሁ ልዩነታቸውን ጻፉ። ሁለት ሰዎች ጋማቸው ሳይገጥም ሲቀር መጀመሪያ የሚወዳደረው ይህ ቁጥር ነው።

ፍሪኩዌንሲም አስሉ። ትንሽ ኢማጂነሪ (ቅርጹ ያልተረጋጋ መሆኑን የሚጠቁም) የመታጠፍ ፍሪኩዌንሲ በኤምፒ2 (በሃርትሪ-ፎክ ላይ ማረሚያ በሚጨምረው ዘዴ) ከመጣ ሞለኪውሉ በእውነት ጎባጣ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ብዙ ጊዜ የቤዚስ ሴት ማነስ ነው። በተሻለ ቤዚስ ሴት ድገሙት።

ደረጃ 3፦ ሲሜትሪን አጥፉ፣ ሞለኪውሉን ቸንክሩ

ፊልድ ሲጫን የሰንሰለቱ ግራና ቀኝ እኩል መሆናቸው ያበቃል። ፕሮግራሙ ግን ይህን ካልነገራችሁት የድሮውን ሲሜትሪ ይዞ ይቀጥላል። አንዳንዱ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ያ ደጉ ነው። ክፉው ዝም ብሎ ሞለኪውሉን ወደ ሌላ አክሲስ የሚያዞረው ነው፦ እናንተ ዜድ ላይ ጫንኩ ስትሉ ሰንሰለቱ ኤክስ ላይ ተኝቷል።

1. ሲሜትሪውን ወደ ዝቅተኛው (ሲ1) አውርዱ።
2. ማዞርንም ወደ ማእከል ማንቀሳቀስንም ከልክሉ።
3. ውጤት ፋይሉ ላይ የታተመውን ኮኦርዲኔት ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። አንድ አኃዝ ቢለይ አቁሙ።

ፓይኤስሲኤፍ ላይ ፊልዱን የምትጨምሩት በእጃችሁ፣ የፖዚሽን ማትሪክሱን በፊልዱ አባዝታችሁ በኮር ሃሚልቶኒያኑ (ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ሳይገፋፉ ያላቸውን ኢነርጂ በሚይዘው ማትሪክስ) ላይ በመደመር ነው። ያኔ የተደመረው የኤሌክትሮኖቹ ድርሻ ብቻ ነው፣ የኒውክሊየሶቹ አልገባም። ሞለኪውሉ ዜሮ ላይ ካልተመጠነ ጠቅላላ ኢነርጂው ይሳሳታል። መሀሉን ዜሮ ላይ አድርጉ ያልነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ኮንቨርጀንሱን አጥብቁ

ኮንቨርጀንስ ተደጋጋሚው ሒሳብ በቃ ብሎ የሚቆምበት ልክ ነው። ፕሮግራሞቹ ሲጫኑ ይዘውት የሚመጡት ልክ ለተራ ሥራ ነው። ለጋማ አይበቃም።

- ኢነርጂ፦ 10⁻¹² ሃርትሪ (የኢነርጂ አቶሚክ ዩኒት)
- ዴንሲቲ (የኤሌክትሮኖቹ ስርጭት)፦ 10⁻⁸ ወይም ከዚያ በታች
- የዲኤፍቲ (ፈንክሽናል የሚጠቀሙት ዘዴዎች) ግሪድ፦ በአንድ አቶም 99 ራዲያልና 590 አንጉላር ነጥብ

ዳይፖሉ ከነጥብ በኋላ ስንት አኃዝ እንደሚታተምም እዩ። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። በምናባዊ ቁጥር እንየው፦ አልፋ 100፣ ጋማ 20,000፣ ፊልድ 0.002 አቶሚክ ዩኒት ነው እንበል። ዳይፖሎቹ እንዲህ ይሆናሉ፦

- በ0.002 ፊልድ፦ 0.20002667
- በ0.004 ፊልድ፦ 0.40021333

ከሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ስትቀንሱ 0.00016 ይቀራል። ለፊልዱ ኩብ (8×10⁻⁹) ስታካፍሉት 20,000 ይመጣል። ፕሮግራሙ አራት አኃዝ ብቻ አትሞ ቢሆንስ? 0.2000 እና 0.4002 ታነባላችሁ፤ ልዩነቱ 0.0002፣ ጋማ 25,000። ሦስት አኃዝ ቢሆን ጋማ ዜሮ ነው። ሞለኪውሉ ያው፣ ሒሳቡም ያው ነው፤ የተቆረጠው ጭራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ከታተመው ጽሑፍ ላይ ኮፒ አታድርጉ፤ ከራሱ ከፕሮግራሙ ቫሪያብል 10 አኃዝ አድርጋችሁ አስወጡት። የታተመው በዲባይ ከሆነ ወደ አቶሚክ ዩኒት ለመቀየር በ0.39343 አባዙ፤ በዲባይ አራት አኃዝ ማለት ግን ከላይ ካየነው የማይሻል ነው።

ደረጃ 5፦ ፊልዱን ምረጡ

ይህ ከሁሉም የከበደው ደረጃ ነው። ፊልዱ ሲያንስ ጭላጩ በኑመሪካል ኖይዝ ይዋጣል። ሲበዛ ደግሞ ከጋማ በላይ ያሉት፣ ከፍ ያለ የፊልድ ፓወር ያላቸው ተርሞች ይቀላቀላሉ፣ ከዚያም አልፎ ሞለኪውሉ ይሰበራል፦ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይፈሳሉ።

አንድ አቶሚክ ዩኒት ፊልድ 5.142×10¹¹ ቮልት በሜትር ነው። 0.002 ማለት በሜትር አንድ ቢሊዮን ቮልት ገደማ ነው፤ ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ፊልድ አይምሰላችሁ። ባለ 20 ካርቦኑ ሰንሰለት ከጫፍ ጫፍ 26.5 አንግስትሮም፣ ማለትም 50 ቦር ያህል ነው። በ0.004 ፊልድ በሁለቱ ጫፎች መካከል 0.2 ሃርትሪ፣ ማለትም 5.4 ኤሌክትሮን ቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ይህን ከሞለኪውላችሁ የሆሞ-ሉሞ ክፍተት (ኤሌክትሮን ካለበት ከፍተኛው ኦርቢታል እስከ መጀመሪያው ባዶ ኦርቢታል ያለው የኢነርጂ ልዩነት) ጋር አነጻጽሩት፤ ከተቀራረበ ወይም ካለፈ ፊልዱ በዝቷል።

መነሻ የሚሆኑ ምርጫዎች፦

- ከ2 እስከ 6 ካርቦን፦ 0.001፣ 0.002፣ 0.004፣ 0.008
- ከ8 እስከ 12 ካርቦን፦ 0.0005፣ 0.001፣ 0.002፣ 0.004
- ከ14 እስከ 20 ካርቦን፦ 0.0005፣ 0.001፣ 0.002

ሁልጊዜ እያንዳንዱ የቀዳሚው እጥፍ ይሁን። ደረጃ 8 ያለዚህ አይሠራም። ለረጅሙ ሰንሰለት ትንሽ ፊልድ መጠቀም የሚያስፈራ ይመስላል፤ ነገር ግን ጋማው ራሱ ግዙፍ ስለሆነ ኖይዙ በአንጻሩ ያንሳል።

ደረጃ 6፦ በቅደም ተከተል አስኪዱ

1. በዜሮ ፊልድ ጀምሩ። ዳይፖሉ ከ10⁻⁷ በታች መሆን አለበት። ካልሆነ ሰንሰለቱ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።
2. ከዜሮው ፊልድ የተገኘውን ዴንሲቲ መነሻ አድርጋችሁ ትንሹን ፊልድ አስኪዱ። ቀጥሎ እጥፉን፣ እንዲህ እያላችሁ ከትንሽ ወደ ትልቅ ውጡ። ከትልቁ መጀመር ሌላ ኤሌክትሮኒክ ስቴት ላይ ሊጥላችሁ ይችላል።
3. አንዱን ፊልድ በኔጌቲቭ ምልክት ድገሙት። ዳይፖሉ ምልክቱን ብቻ ቀይሮ እኩል መውጣት አለበት። እስከ ስምንተኛው አኃዝ ካልገጠመ ኮንቨርጀንሱ አልጠበቀም።

*ጥንቃቄ።* በየፊልዱ ጂኦሜትሪውን እንደገና ኦፕቲማይዝ አታድርጉ። ኒውክሊየሶቹ ከተንቀሳቀሱ የቫይብሬሽን ድርሻ ይጨመርና ከኤሌክትሮኒክ ጋማ ጋር ይደባለቃል። አንድ ጂኦሜትሪ ለሁሉም ፊልድ።

የፊልዱ ምልክት ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ዳይፖሉ ከጠበቃችሁት ተገልብጦ ከወጣ አትደንግጡ፤ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁሉም ተስማምቶ ከሆነ ምልክቱን ገልብጣችሁ ቀጥሉ። ፕሮግራም መሀል ላይ ከቀየራችሁ ግን ሁሉንም ከአዲስ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ አልፋንና ጋማን አውጡ

ፊ ፊልዱ፣ ዳ ዳይፖሉ ይሁን።

አልፋ = [8ዳ(ፊ) − ዳ(2ፊ)] ÷ 6ፊ

ጋማ = [ዳ(2ፊ) − 2ዳ(ፊ)] ÷ ፊ³

መጀመሪያ አልፋን አውጡ። ፕሮግራሙ አልፋን በራሱ አናሊቲካል ዘዴ የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱ ቢያንስ እስከ አራት አኃዝ መግጠም አለባቸው። አልፋ ሳይገጥም ጋማን ማየት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ዳይፖል የማይሰጥ ዘዴ ከሆነ በኢነርጂ (ኢ) ይሠራል፦

ጋማ = −[2ኢ(2ፊ) − 8ኢ(ፊ) + 6ኢ(0)] ÷ ፊ⁴

ይህን የምንመክረው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። በ0.002 ፊልድ አካፋዩ 1.6×10⁻¹¹ ነው፤ ኢ(ፊ) ላይ ብቻ 10⁻⁸ ስህተት ቢኖር ጋማ በ5,000 ይናወጣል። ዳይፖል ላይ ያንኑ ያህል ስህተት ቢኖር የሚያናውጠው በ2.5 ብቻ ነው። አንድ ካርቦን 38 ሃርትሪ ያህል ስለሚይዝ የባለ 10 ካርቦኑ ጠቅላላ ኢነርጂ ከ−380 ያልፋል፤ ኮምፒውተሩ በጠቅላላው የሚይዘው ከ15 እስከ 16 አኃዝ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ያለው ትርፍ ጥቂት ነው። በኢነርጂ የምትሠሩ ከሆነ ከ0.004 በታች አትውረዱ፣ በአጭር ሰንሰለትም ተወሰኑ።

ኤምፒ2 ላይ የተለየ ወጥመድ አለ። ውጤት ፋይሉ ላይ የሚታየው ዳይፖል የሃርትሪ-ፎኩ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የኤምፒ2 ሆኖ ኦርቢታል ሪላክሴሽን (ኦርቢታሎቹ ለፊልዱ የሚያደርጉት መስተካከል) ያልገባበት ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው የገባበት ነው። ለማጣራት የኢነርጂውን ልዩነት በፊልድ አካፍላችሁ ከዳይፖሉ ጋር አስተያዩ።

ደረጃ 8፦ በአንድ ፊልድ አትመኑ

ከየፊልድ ጥንዱ አንድ አንድ ጋማ ይወጣል። ሠንጠረዥ ላይ ደርድሯቸው። ንጹሕ ሒሳብ ምን እንደሚመስል በምናባዊ ቁጥር፦

- በ0.001፦ 20,100
- በ0.002፦ 20,400
- በ0.004፦ 21,600

ፊልዱ እጥፍ ሲሆን ትርፉ አራት እጥፍ ይሆናል፦ 100፣ 400፣ 1,600። ይህ ካልታየ ችግር አለ። ከታየ ግን ትርፉን በሮምበርግ ዘዴ ማስወገድ ይቻላል፦ የትንሹን ጋማ በአራት አባዙ፣ የትልቁን ቀንሱ፣ ለሦስት አካፍሉ። (4×20,100 − 20,400) ÷ 3 = 20,000። ከቀጣዩ ጥንድም (4×20,400 − 21,600) ÷ 3 = 20,000። ሁለቱ ሲገጥሙ ጋማችሁ ያ ነው።

ካልገጠሙስ?

- *በትንሹ ፊልድ ብቻ ከተናወጠ*፦ ኖይዝ ነው። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፤ ወይም ያንን ፊልድ ጣሉት።
- *በትልቁ ብቻ ካፈነገጠ*፦ ፊልዱ በዝቷል። ጣሉት።
- *ከዳር ዳር ከተዘበራረቀ*፦ አንዱ ሥራ ሌላ ስቴት ላይ ወድቋል። ኢነርጂውን ከፊልዱ ጋር በግራፍ አውጡ፤ የዘለለው ነጥብ በዓይን ይታያል።
- *ኤስሲኤፍ (ዴንሲቲውን እየደጋገመ የሚያጠራው ሒሳብ) ራሱ አልቋጭ ካለ*፦ ከቀዳሚው ፊልድ ዴንሲቲ ጀምሩ። አሁንም እምቢ ካለ ሞለኪውሉ እየተሰበረ ነው፤ ማስገደዱን ትታችሁ ፊልዱን ቀንሱ።
- *ቤዚስ ሴቱ ላይ ሊኒየር ዲፔንደንስ የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ*፦ ረጅም ሰንሰለት ላይ ዲፊዩዝ ፈንክሽኖች እርስ በርስ ተደራርበዋል። ወደ 6-31+ጂ(ዲ) ውረዱ። በሰንሰለቱ አቅጣጫ ላለው ጋማ፣ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ዲፊዩዝ ፈንክሽን የሚያመጣው ለውጥ ይቀንሳል። ለባለ 2 እና ባለ 4 ካርቦኑ ግን አትቆጥቡ።

ደረጃ 9፦ ዩኒትና ኮንቬንሽን

አንድ አቶሚክ ዩኒት ጋማ 5.0367×10⁻⁴⁰ ኢኤስዩ (ሌላው የተለመደ የጋማ ዩኒት) ነው። 20,000 አቶሚክ ዩኒት 1.007×10⁻³⁵ ኢኤስዩ ይሆናል።

ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ስታወዳድሩ በትክክል 6 እጥፍ ልዩነት ካገኛችሁ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። እዚህ የተጠቀምንበት የቴይለር ኮንቬንሽን ዳይፖሉ ላይ ጋማን ለ6 አካፍሎ ያስገባል፤ ሌላው ኮንቬንሽን 6ቱን ጋማው ውስጥ ውጦታል። ወደ 5 እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ከሆነ ደግሞ እናንተ ያሰላችሁት በሰንሰለቱ አቅጣጫ ያለውን ብቻ ሲሆን ያኛው የሁሉም አቅጣጫ አማካይ ነው። ረጅም ሰንሰለት ላይ የጎን ድርሻው ትንሽ ስለሆነ አማካዩ የአቅጣጫውን አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

ደረጃ 10፦ ከርዝመት ጋር ማነጻጸር

ሰዎች በመጨረሻ የሚፈልጉት ጋማ ከሰንሰለቱ ርዝመት ጋር እንዴት እንደሚያድግ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመው ልኬት ከዚህ ሥራ ጋር በየጊዜው ይነጻጸራል፤ እስከ 10 ትሪፕል ቦንድ ያላቸውን ፖሊአይኖች በኦፕቲካል ከር ኢፌክት (ብርቱ ብርሃን አንድ ቁስ ብርሃን የሚሰብርበትን መጠን ሲቀይር) ለክተው ጋማ በትሪፕል ቦንዶቹ ብዛት 4.28ኛ ፓወር እንደሚያድግ አገኙ። ሰንሰለቱ እጥፍ ሲሆን ጋማ 19 እጥፍ ያህል ማለት ነው።

የእናንተን ስታወጡ ሁሉንም ነጥብ በአንድ መስመር አትጠፍሩ። ሁለት ሁለት አጎራባች ሰንሰለት ወስዳችሁ የጋማዎቹን ጥምርታ ሎጋሪዝም በብዛታቸው ጥምርታ ሎጋሪዝም አካፍሉ። የተገኘው ፓወር ሰንሰለቱ ሲረዝም እየቀነሰ መሄድ አለበት፤ እጅግ ረጅም ሰንሰለት ላይ ጋማ በአንድ ትሪፕል ቦንድ ቋሚ ስለሚሆን ፓወሩ ወደ 1 ይወርዳል። በፒቢኢ ሠርታችሁ ከሆነ ይህ መቀነስ በሚጠበቅበት ርዝመት አይታይም፤ የፈንክሽናሉ ጥፋት ነው እንጂ ግኝት አይደለም።

ቁጥራችሁ ከ4.28 በጥቂቱ ቢለይ ለማስገደድ አትሞክሩ። እነዚያ ሞለኪውሎች ጫፋቸው በሃይድሮጅን ሳይሆን በትራይአይሶፕሮፒልሲሊል (ሲሊከን ባለው ግዙፍ ቡድን) የተዘጋ ነው፣ ልኬቱም ሶልቨንት ውስጥ፣ በሌዘር ብርሃን ፍሪኩዌንሲ የተወሰደ ነው። የእናንተ ፊልድ የማይለዋወጥ፣ ሞለኪውሉም ባዶ ቦታ ላይ ያለ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ከእያንዳንዱ ጋማ ጎን ዘዴውን፣ ቤዚስ ሴቱን፣ የጂኦሜትሪውን ዘዴ፣ የመሀሉን የቦንድ ርዝመት ልዩነትና የተጠቀማችሁባቸውን ፊልዶች ጻፉ።